አንድ ፎቶ ፎቶ አይደለም

«በዚህ ሕንጻ ውስጥ ለምትሠሩ ሁሉ። ከዛሬ ሰኞ ጀምሮ ሊፍቱ በሥራ ሰዓት አይንቀሳቀስም። ውሳኔው የመጨረሻ ነው።»

ፕሮፌሰር ኦትማር ፕላንገር ይህን ያነበቡት አራተኛ ፎቅ ባለችው ወጥ ቤታችን፣ ከቡና ማሽኑ ፊት ቀጥ ብለው ቆመው ነው። ኮት ለብሰው ነበር፤ ኮት የሚለብሱት ለቀብርና ለእንግዳ ብቻ ነው። አንብበው ሲጨርሱ ወረቀቱን አጥፈው እንደ መርዶ ነጋሪ ቀስ ብለው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ። ከዚያ ጥያቄ ያለው ሰው ካለ ብለው ጠየቁ። ከተመራማሪዎቻችን አንዱ፣ ኦሬስቴ፣ እጁን አወጣ።

«የሥራ ሰዓት የሚባለው ከስንት እስከ ስንት ነው?»

«ሥራ እስካለ ድረስ።»

«ሊፍቱስ መቼ ይሠራል?»

«ሥራ በሌለ ጊዜ።»

«ሥራ በሌለ ጊዜ እኛም የለንም።»

«እንግዲያው ችግር የለም» አሉ ፕሮፌሰሩ፤ ቡናቸውን ይዘው ወጡ። ቢሯቸው እዚያው ፎቅ ላይ ነው። እሳቸው ግን ምሳሌ ለመሆን አንድ ፎቅ በደረጃ ወርደው ተመልሰው ሲወጡ ሰማናቸው።

ሊፍቱን ያስቆለፈው የቡርጊ ደመና ነው። ቡርጊ ሙሉ ስሟ ኖትቡርጋ ክራነቢተር ነው፤ የዶክትሬት ተማሪያችን ናት። እኔ ኤርና እባላለሁ፤ የክፍሉ ጸሐፊ ነኝ። ፊዚክስ አልተማርኩም፤ የተማርኩት ሰው ሲያወራ ጆሮዬን አለመድፈን ብቻ ነው። ኦስትሪያ ባለችው ከተማችን፣ ኢንስብሩክ ውስጥ ደግሞ አቶም የሚያቀዘቅዝ ሰው ስለማይጠፋ፣ ዳቦ ቤት ተሰልፎም ቢሆን ትንሽ ትንሽ ይለቀማል።

ቡርጊ ምድር ቤት ባለው ቤተ ሙከራ፣ አየሩ ተመጥጦ በወጣለት የብረት ሣጥን ውስጥ፣ ኧርቢየም የሚባለውን ብረት አቶሞች በሌዘር ታቀዘቅዛለች። ቅዝቃዜው የኛ ተራራ ላይ የሚገኘው ዓይነት አይደለም። ከዚህ በታች ብርድ የለም የሚባልበት ወለል አለ፤ እሱን ሊነካ ምንም ያህል አይቀረውም። እዚያ ሲደርሱ አቶሞቹ እንደ ብዙ መሆናቸውን ትተው እንደ አንድ ነገር ይሆናሉ። እኛ ደመና እንለዋለን። እያንዳንዱ አቶም ትንሽ ማግኔት ስለሆነ እርስ በርሱ ይሳሳባል፤ የሚያራርቃቸው ደግሞ ሌላ ግፊት አለ፤ ግፊቱን ቡርጊ የማግኔት መስኩን ከፍና ዝቅ በማድረግ ታጠብቀዋለች፣ ታላላዋለች። ስታላላው፣ በፕሮፌሰሩ ስሌት መሠረት፣ ደመናው ወደ ራሱ ሰምጦ ይፈነዳል፤ የሚተርፍ ነገር የለም። ፕሮፌሰሩ ይህን በየጉባኤው ተናግረዋል፤ ተጨብጭቦላቸዋልም።

የቡርጊ ደመና ግን አልፈነዳም። ግፊቱን ስታላላው ተከፋፈለና ጠብታ ጠብታ ሆኖ በረድፍ ቆመ። በመሐላቸው ያለው ርቀት በማስመሪያ የተለካ ይመስላል።

ችግሩ የቤታችን ሕግ ነው። ፕሮፌሰሩ «አንድ ፎቶ ፎቶ አይደለም» ይላሉ። ደመናው ፎቶ ሲነሳ ይጠፋል፤ ለሚቀጥለው ፎቶ ሌላ ደመና ከሀ ብሎ ማቀዝቀዝ ነው። እንዲህ እየተደረገ ብዙ ፎቶ ይነሳል፣ ሁሉም ይደራረባል፣ አማካዩ ይወሰዳል። ይህን የሚሠራው ፕሮግራሙ ራሱ ነው፤ ፎቶዎቹ አንድ በአንድ ስክሪኑ ላይ ለአፍታ ብቅ ይሉና ይዋጣሉ፤ የሚቀረው አማካዩ ብቻ ነው። በአማካዩ ላይ ደግሞ ጠብታም የለ፣ ረድፍም የለ፤ ሞላላ ጉም ነው። ቡርጊ በዓይኗ የምታየው ነገር ወረቀት ላይ ሲደርስ አይገኝም።

ሄዳ ስትነግራቸው ፕሮፌሰሩ አሰቡና፣ «አንድ ነገር ደመናውን እየነቀነቀው ነው» አሉ። ቤተ ሙከራው ከሊፍቱ ጋር ግድግዳ ይጋራል፤ ሊፍቱ ብረት ነው፤ ብረት ወጥቶ ሲወርድ መስኩ ይናወጣል። ስለዚህ ሊፍቱ ይቁም፣ መንቀጥቀጡም ይቆማል፣ ጠብታ የሚባለውም ይጠፋል። ይህ እንግዲህ የማስታወቂያው ታሪክ ነው።

ከዚህ በስተጀርባ ግን በክፍላችን የማይነሳ ነገር አለ። ፕሮፌሰሩ ወጣት ሳሉ፣ በሌላ ከተማ፣ በአንድ ፎቶ ላይ ያማሩ መስመሮች አይተው ለዓለም አወጁ። መስመሮቹ የመጡት የካሜራው መስታወት ላይ ካረፈች አቧራ ነበር። በየጉባኤው ገና ሲገቡ መነጽሩን አውልቆ የሚወለውል ሰው አይጠፋም ነበር አሉ። ከዚያ ወዲህ እሳቸው ባሉበት አቧራ የሚባል ቃል አይነገርም። እኔ እንኳ የጠረጴዛ መወልወያ ሳዝ «ጨርቅ» ብዬ ብቻ ነው የምጽፈው፤ ከምን እንደሚወለወል አልጽፍም።

በዚያ ሰሞን የደቡቡ ነፋስ ተነስቶ ነበር። በብሬነር የተራራ መተላለፊያ በኩል ሞቅ ብሎ ሲወርድ ከተማችን ውስጥ ሰው አንድ ቦታ አይቀመጥም። ራስ ይመታል፤ መስኮት ይንኳኳል፤ ሃያ ዓመት አብሮ የኖረ ባልና ሚስት በማንኪያ አቀማመጥ ይጣላል። ፕሮፌሰሩ ኮሪደሩን ይመላለሳሉ፤ ኦሬስቴ የተቀመጠበት ወንበር ሁሉ ከእግሩ ጋር ይንቀጠቀጣል፤ ቡርጊ ጥፍሯን ትበላለች። እኔ የሰው ሁሉ በር ሲወረወር እየተነሳሁ እዘጋለሁ።

ሊፍቱ ከተቆለፈ በኋላ ቡርጊ አራቱን ፎቅ በእግሯ ወጥታ ወጥ ቤት ገባች። ኦሬስቴ ቡና እየቀዳ ነበር። ኦሬስቴ ከጣሊያን፣ ከትሬንቶ የመጣ የፊዚክስ ዶክተር ነው፤ በማዕረግ ከቡርጊ በላይ ከፕሮፌሰሩ በታች። አገሩ ላይ ቋሚ ሥራ አግኝቷል፤ የፕሮፌሰሩ የድጋፍ ደብዳቤ ብቻ ነው የቀረው።

«አሁንም አሉ» አለች።

«እነማን?»

«ጠብታዎቹ ናቸዋ። ሊፍቱ ቆሞም አሉ።»

«እኔ ምንም አላየሁም።»

«አጠገቤ ቆመህ አልነበር?»

«ቆሜ ነበር። ግን ስልኬን ነበር የማየው።»

«ስልኬን ቤት ረሳሁ ብለህ ጠዋት ስትነጫነጭ አልነበር እንዴ?»

ኦሬስቴ ቡናውን አማሰለ። ስኳር አይጨምርም።

«አንቺ የተራራ ፍየል፣ እባክሽ ተይኝ። ደብዳቤዬ አልተፈረመም። ይፈረምና የፈለግሽውን አያለሁ።»

«አንተ ገንፎ በላ ጣሊያን፣ እስኪፈረምልህ የኔ ኮንትራት ያልቃል።»

ያ እውነት ነበር። ኮንትራቷ በጸደዩ መጨረሻ ያልቃል። ከዚያ በፊት ከሰሜን አንዲት ገምጋሚ መጥተው ሥራው ይቀጥል ወይም ይዘጋ ብለው ይወስናሉ። ደመናው እንደ ስሌቱ ከፈነዳ፣ ዓለም የሚያውቀው ነገር ስለሆነ፣ ለዚያ ዶክትሬት የሚሰጣት የለም። ጠብታዎቹ እውነት ከሆኑ ግን ማንም ያላየውን አይታለች። አባቷ ሲለርታል ሸለቆ ውስጥ የእንግዳ ማረፊያ አለው፤ በየሳምንቱ እሑድ ይደውልና፣ «የመቀበያው ወንበር ባዶ እንደሆነ ነው፤ ትራሱን አጥበንልሻል» ይላታል። ክፉ ሰው አይደለም። ቡርጊ ስልኩን ስትዘጋ ግን ፊቷ እንደ ተከሰሰ ሰው ይሆናል።

ሊፍቱ ጥፋት እንደሌለበት ከታወቀ በኋላም አልተከፈተም፤ ማስታወቂያው አንዴ ተነቧል። ቀጥሎ የተጠረጠረው ትራሙ ነው። ትራሙን መቆለፍ ስላልተቻለ ትራም በማያልፍበት ሰዓት ተለካ፤ ጠብታዎቹ አሉ። ከዚያ የቡና ማሽኑ ለሳምንት ከመሰኪያው ተነቀለ፤ ጠብታዎቹ አሉ፤ እኛ ግን አልነበርንም። በመጨረሻ የኦሬስቴ እግር ተጠረጠረና ልኬት ባለበት ጊዜ ቤተ ሙከራው አጠገብ እንዳይቀመጥ በቃል ተነገረው።

አንድ ቀን ቡርጊ ቢሮዬ መጣችና ጠረጴዛዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ ወዲያው ተነሳች፤ መስኮቱን ከፈተች፤ ነፋሱ ወረቀቴን ሲበትነው ዘጋችው።

«ወይዘሮ ኤርና፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ትራም ማቆሚያው ላይ ያለችውን ረጅም አግዳሚ ወንበር ያውቋታል?»

«ሁልጊዜ ከአንድ ጫፏ እርጥብ የሆነችውን።»

«እሷን። ሰው እንዴት ነው የሚቀመጥባት?»

«እንዴት ይቀመጣል፣ ተራርቆ ነዋ። ከማያውቀው ሰው ጋር ማን ይጠጋጋል?»

«በየመሐሉ እኩል ክፍተት ትተው። አይደል? ግን የመጀመሪያው ሰው አንድ ቀን እዚህ ይቀመጣል፣ አንድ ቀን እዚያ፤ ሌሎቹም እሱን እያዩ ይደረደራሉ። አሁን በየቀኑ አንድ ፎቶ አንስተው ሁሉንም ቢደራርቡት ምን ይታይዎታል?»

አሰብኩ። «አንድ ወፍራም ሰው፣ ወንበሩን ሞልቶ የተኛ።»

«ያ ነው የኛ አማካይ» አለች ቡርጊ። «ረድፉ በየፎቶው ትንሽ ይንሸራተታል። እያንዳንዱ ፎቶ ውስጥ ሥርዓት አለ፤ ስንደራርበው እኛው እናጠፋዋለን። ከዚያ ሥርዓት የለም ብለን እንጽፋለን።»

«ይህን ለፕሮፌሰሩ ነግረሻቸዋል?»

«አንድ ፎቶ ፎቶ አይደለም አሉኝ።»

ፕሮፌሰሩ በዓመት አንድ ቀን ክፍሉን በሙሉ ወደ ተራራ ያወጣሉ። መንሸራተቻ እየጎተትን በበረዶው እንወጣለን፣ ጎጆዋ ጋ ደርሰን እንበላለን፣ ተንሸራተን እንወርዳለን። በመንገዱ አጋማሽ፣ መታጠፊያው ላይ፣ የእንጨት መስቀል ቆሟል። ከመስቀሉ በላይ እርስዎ የሚባል የለም፤ ገበሬም ሚኒስትርም ቢሆን አንተና አንቺ ነው። ከመስቀሉ በታች እንደገና እርስዎ ነው፤ ላይ የተባለውም ታች አይነሳም። ማን እንደደነገገው አላውቅም፤ ስንወለድም እንዲሁ ነበር።

ያን ዓመትም ወጣን፤ ፕሮፌሰሩ መስቀሉ ጋ ሲደርሱ ቆቡን አነሳ። ከላይ ስለሆንን እኔም ኦትማር ልበለው።

«ከዚህ በላይ ኦትማር ነኝ» አለ፤ ወዲያው አሥር ዓመት ያነሰ መሰለ።

ጎጆዋ ጠባብ ናት። መሐሏ ላይ ትልቅ የሸክላ ምድጃ አለ፤ ዙሪያውን አግዳሚ ወንበር ይከበዋል። ውጭ ነፋሱ ጣሪያውን ይጎትታል። የምናስተውለው እግራችን መርጠቡን ብቻ ነበርና ሁላችንም ወደ ምድጃው ተገፋፍተን ተቀመጥን፤ የአይብ ድብልብል ያለበት ሾርባ መጣ። ቡርጊ ሾርባዋን አልነካችም።

«ኦትማር፣ ተሳስተሃል» አለች።

ኦሬስቴ ማንኪያውን አፉ ውስጥ እንዳለ ተወው።

«በምን?» አለ ኦትማር። ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ከላይ ነን።

«በደመናው። አይፈነዳም።»

«ስሌቱ ይፈነዳል ይላል።»

«ስሌትህ አቶሞቹ ጸጥ ብለው የሚቀመጡ አድርጎ ነው የሚቆጥራቸው። ምንም ብታቀዘቅዛቸው ጸጥ አይሉም። የመጨረሻው ብርድ ላይም ይዋዥቃሉ፣ ይቁነጠነጣሉ፤ ይህን አንተው ነህ ያስተማርከኝ። ትንሽ ነው ብለህ ግን ከስሌቱ አወጣኸው። ሲጠጋጉ መዋዠቁ ይብሳል፤ እሱ ነው መልሶ የሚገፋቸው። መሳሳቡ ይሰበስባል፣ መዋዠቁ ይገታል፤ በሁለቱ መሐል ጠብታው ይቆማል።»

«መዋዠቅ ያፈርሳል እንጂ ምን ሠርቶ ያውቃል?»

ቡርጊ ዙሪያዋን አየች። «እስቲ እኛን እይ። ሁላችንም ወደ ምድጃው መጠጋት ነው የፈለግነው። አንድ ላይ ለምን አልተለጠፍንም? ኦሬስቴ እግሩን ያወዛውዛል፣ አንተ ክርንህን ታንቀሳቅሳለህ፣ ኤርና በየደቂቃው ተነስታ በሩን ትዘጋለች። የማያርፍ ሰው አጠገብ ማንም አይለጠፍም። እንዴት እንደተቀመጥን ተመልከት።»

ተመለከትን። በምድጃው ዙሪያ፣ በመሐላችን እኩል ክፍተት ትተን፣ ቀድሞ የተነጋገረ ሰው መስለን ተደርድረናል። የማናውቃቸው ሁለት ገበሬዎች ሳይቀሩ በረድፉ ውስጥ ነበሩ።

«በትክክል እንደዚህ ነው እያልኩ አይደለም» አለች ቡርጊ ፈጠን ብላ። «የኛን እግር ማስቆም ይቻላል። የእነሱን አይቻልም።»

«የኔንም አይቻልም» አለ ኦሬስቴ። ከገበሬዎቹ አንዱ ሳቀ፤ ነገሩ ስለ ምን እንደሆነ አልገባውም፤ የሳቀው የእግሩን ሁኔታ አይቶ ነው።

ኦትማር ሾርባውን ገፋ አደረገና ቡርጊን አያት።

«ሁላችሁም አይታችኋቸዋል?»

ኦሬስቴ ስልኩን አወጣ። እኔ ተነስቼ በሩን ዘጋሁ፤ ተዘግቶ ነበር።

«እኔ በሃያ ሰባት ዓመቴ አንድ ፎቶ አምኜ ነበር» አለ ኦትማር ቀስ ብሎ። «ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ እንደምታውቁም አውቃለሁ። አቧራ ነበር። ዛሬ ጡረታዬ ቀርቧል። እንደገና አቧራ ሆኜ መውጣት አልችልም፣ ቡርጊ።»

ቃሉን ከራሱ አፍ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ቡርጊ ሾርባዋን ወደ ፊቷ ሳበች፤ ቀዝቅዞ ነበር፤ ጨረሰችው።

ስንወርድ እሷ ቀድማ ነበር። መስቀሉን እንዳለፍን ፕሮፌሰሩ ከኋላዋ መንሸራተቻቸውን አቁመው በረዶውን ከጉልበታቸው አራገፉ።

«ወይዘሪት ክራነቢተር፣ የግምገማው ሪፖርት ሰኞ ጠዋት ጠረጴዛዬ ላይ ይድረሰኝ» አሉ ፕሮፌሰር ፕላንገር። «ከአማካዩ ምስል ጋር።»

«እሺ፣ ክቡር ፕሮፌሰር» አለች።

ሪፖርቱን የተየብኩት እኔ ነኝ። «ከሚጠበቀው ውጭ ምንም ዓይነት ሥርዓት አልታየም» ይላል። ቡርጊ አጠገቤ ቆማ ነበር። አንዴ «ምንም ዓይነት የሚለውን ላውጣው?» ብዬ ጠየቅኋት። «ተዪው» አለች፤ ወዲያው ደነገጠችና፣ «ይተዉት ማለቴ ነው» ብላ አረመች። አልተቀየምኳትም። እሑድ አባቷ ሲደውል ወንበሩን እንዳይሰጥባት እንደነገረችው ኋላ ሰማሁ።

ገምጋሚዋ ፕሮፌሰር ቲልዳ ሃርምስ ይባላሉ፤ ከባሕር ዳር፣ ኮረብታ ከማያውቅ አገር ነው የመጡት። አንድ ጉልበታቸው ይታመማል። እኛ ደግሞ አክብሮታችንን ለመግለጽ መጀመሪያ አራተኛ ፎቅ አውጥተን ብስኩት አቀረብንላቸው፣ ከዚያ ምድር ቤት አወረድናቸው። ሊፍቱ በራፍ ላይ ቆም ብለው የተለጠፈውን ማስታወቂያ አነበቡና ወደ ደረጃው ዞሩ።

የመቆጣጠሪያዋ ክፍል ትንሽ ናት። ቡርጊ ኮምፒዩተሩ ፊት ተቀምጣለች። ገምጋሚዋ ከኋላዋ ወንበር ተሰጣቸው። ፕሮፌሰሩ ኮታቸውን ለብሰው፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሁለት እርምጃ በሆነች ቦታ ይመላለሳሉ። ለዚያ ቀን ክልከላው የተነሳለት ኦሬስቴ በር ላይ ቆሟል፤ እግሩን ለማስቆም በሌላኛው እግሩ ረግጦታል። እኔ ውኃ ይዤ ገብቼ ለመውጣት ቦታ አጣሁ። ነፋሱ በአየር ማስገቢያው በኩል እያፏጨ ነበር።

ፕሮፌሰሩ ስለ ስሌቱ አስረዱ፤ ጥሩ ተናጋሪ ናቸው። በመጨረሻ አማካዩን አሳዩ፤ ሞላላው ጉም ስክሪኑን ሞላው።

«እንደሚያዩት» አሉ፤ «የሚያሳዝነው ይህ የሥራ መስመር ሌላ ነገር አላስገኘም። ወይዘሪት ክራነቢተር በትጋት ሠርተዋል። በጸደዩ መጨረሻ እንዲዘጋ ሐሳብ አቀርባለሁ።»

ቡርጊ አልዞረችም። ጆሮዋ ብቻ ቀላ።

«ይህ የስንት ፎቶ አማካይ ነው?» አሉ ገምጋሚዋ።

«የብዙ።»

«አንዱን ላየው?»

«በዚህ ቤት አንድ ፎቶ ፎቶ አይደለም እንላለን።»

«ደንብ ነው፤ እኔም ለተማሪዎቼ እንደዚያ ነው የምለው። ግን ጉልበቴ እስኪሻለኝ መቀመጤ ካልቀረ አንድ ልይ።»

ፕሮፌሰሩ ወደ ቡርጊ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። ቡርጊ አማካዩን የሚያወጣውን ፕሮግራም ዘጋች። ሌዘሮቹ ሥራቸውን ጀመሩ፤ ደመና ለማቀዝቀዝ ጥቂት ጊዜ ይወስዳል፤ በዚያ ጊዜ ስክሪኑ ጥቁር ነው። ከዚያ ፎቶው መጣ። አምስት ጠብታዎች፣ በአንድ መስመር፣ በእኩል ርቀት።

ገምጋሚዋ መነጽራቸውን አስተካከሉ።

«ይህስ ምንድን ነው?»

«ነጸብራቅ ሊሆን ይችላል» አሉ ፕሮፌሰሩ። «ከመስታወቱ። መስታወት ላይ አንዳንዴ…»

«አቧራ?» አሉ ገምጋሚዋ።

ክፍሉ ውስጥ ያለን ሁሉ ጫማችንን አየን። ገምጋሚዋ ስለ ድሮው ነገር የሚያውቁት አልነበረም፤ ዝም ብለው ነው የጠየቁት።

«አቧራ ከሆነ ቦታውን አይለቅም» ብለው ቀጠሉ። «ሌላ አንሺ፣ ልጄ።»

ሁለተኛው መጣ። አምስት ናቸው፤ ግን ረድፉ በሙሉ ወደ ቀኝ ተንሸራቷል። ክፍተቱ ያው ነው። ገምጋሚዋ ስክሪኑን ጥቂት ካዩ በኋላ ዞር ብለው እኛን ማየት ጀመሩ፤ አንድ በአንድ። ምን እንደፈለጉ ያኔ አልገባኝም፤ ኋላ ሳስበው ባየው ነገር የተገረመ ሰው ፊት እየፈለጉ ነበር፤ አላገኙም።

«አንድ ልጨምር» አሉ። «አሁን መስኩን ትንሽ ዝቅ አድርጊው።»

ቡርጊ ቁጥሩን ለወጠች። ስክሪኑ ጠቆረ። ከግድግዳው ወዲያ የአየር መምጠጫው ፓምፕ ያጉረመርማል። ፕሮፌሰሩ መመላለሳቸውን አቁመው፣ እጃቸውን ኋላቸው አጣምረው፣ በጨለማው ስክሪን ላይ አፍጥጠዋል፤ ትራም እንደሚጠብቅ ሰው፣ ትራሙ ከየት እንደሚመጣ እንደሚያውቅ ሰው።

«አሁን ስድስት ይሆናሉ» አሉ፤ ለማንም አልነበረም። «የቀኝ ጫፏ ከሌሎቹ አነስ ትላለች።»

ፎቶው ገና አልወጣም። የቡርጊ ጣቶች ከቁልፎቹ ላይ ተነሱ።

«አንዳንዴ ሰባት ናቸው» አለ ኦሬስቴ ከበሩ።

«ሰባት የሚሆኑት ጠዋት ጠዋት ነው» አልኩ እኔ፣ ውኃውን እንደያዝኩ።

ገምጋሚዋ እስክሪብቷቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። ቡርጊ ወንበሯን አዙራ ጀርባዋን ለስክሪኑ ሰጠችና ሦስታችንን ተራ በተራ አየችን። ከኋላዋ ፎቶው ወጣ። ማንም አልቆጠራቸውም።